ካፒቴኑ እናት የለውም

ጥቅምት 9

ለወንድሜ፣

«ለጤናህ እንደምን አለህ» ብዬ አልጀምርም። ደብዳቤ ያለ ጤና ጥያቄ አይጀመርም ብሎ ሁለታችንንም ያስተማረን አንድ አባት ነው፤ እኔም እስከ ሃምሳ አምስት ዓመቴ ድረስ ሳላፈርስ ኖሬአለሁ። ዛሬ ግን አላደርገውም። ጥሎ የሚሄድ ሰው እግሩ ደህና ነው ማለት ነው። የሚጠየቀው ጤናው ሳይሆን ምክንያቱ ነው።

ማስታወሻህን ለጥበቃው ሰጥተህ ወጣህ። ለእኔ ለደራሲው አይደለም፣ ለፕሮዲውሰሯ አይደለም፤ ለጥበቃው! «ይበቃኛል። አትፈልጉኝ። ወንድሜ ይቅር ይበለኝ።» ሦስት መስመር። «ማዶ»ን አሥራ አራት ዓመት፣ ሦስት መቶ አሥራ ሁለት ክፍል ሠርተን፣ ያቺን የእንጨትና የቆርቆሮ የጠፈር መርከብ በየሐሙሱ ከምድር አንስተን፣ አንተ ካፒቴን እኔ ጸሐፊ ሆነን አርጅተን፣ የሚቀረኝ በሲጋራ ወረቀት ጀርባ የተጻፈ ሦስት መስመር ነው?

ባለፈው ሳምንት ቤትህ አራት ጊዜ ደወልኩ። በአራተኛው ተነሳ። ትንፋሽህን ሰማሁ፤ የአንተ መሆኑን አውቄዋለሁ። ዘጋህብኝ። በማግስቱ ስልኩ ጭራሽ መጮኹን ተወ። ይህን የፖስታ ሣጥን ቁጥር ያገኘሁት አከራይህን ተለማምጬ ነው፤ ልመና እንደማልወድ ታውቃለህ።

አጭሩ ነገር ይህ ነው። አዲሷ አዛዥ ተቀጥራለች፤ ጎበዝ ናት፣ ቃል አትውጥም። ለእሷ መርከቧን የምታስረክብበት አንድ ትዕይንት እፈልጋለሁ። አንድ ገጽ፣ አሥራ አንድ መስመር፣ ግማሽ ቀን። መጥተህ ትላቸዋለህ፣ ከዚያ ወደፈለግክበት ሂድ።

ሁለተኛው ነገር እማዬ ናት። ዓይኗ ከደከመ ወዲህ «ማዶ»ን የምታየው በጆሮዋ ነው። ወንበሯን ከቴሌቪዥኑ ታስጠጋለች፣ አንተ ስትናገር መዳፏን ድምፅ ማውጫው ላይ ታደርጋለች። ባለፈው ሐሙስ ድምፅህ ሳይመጣ ሲቀር ሣጥኑ የተበላሸ መስሏት ሁለት ጊዜ መታችው። እረፍት ወጥቷል አልኳት። «እረፍት የወጣ ሰው ለእናቱ አይደውልም?» አለችኝ። እኔን መልስ ማሳጣት ቀላል እንዳልሆነ ታውቃለህ።

ለእኔ ባትደውል ግድ የለኝም። ለእሷ ደውልላት።

ታላቅ ወንድምህ


ጥቅምት 24

ለወንድም ጋሼ፣

ለጤናህ እንደምን ሰነበትክ? እማዬስ እንዴት ናት? ጉልበቷ ተሻላት? ልጅህስ ፈተናዋን አለፈች? አንተ ባትጠይቀኝም እኔ እጠይቃለሁ፤ ታናሽ ነኝ፣ ግዴታዬ ነው። እኔ ደህና ነኝ።

መልስ ስላዘገየሁ ይቅርታ። ተጋድሞ መጻፍ ለካ አንገት ያደክማል።

ቀጥሎ በላክኸው ቴሌግራም ለጠየቅኸኝ፦ ከሌላ ጣቢያ ጋር አልተዋዋልኩም። ሴትም አይደለችም። እዚህ ያሉት ሴቶች ስድስት ሰዓት ተኩል ሲሆን ሾርባ ያመጣሉ፣ ካልጨረስኩ ይቆጡኛል፤ ፍቅራችን እዚያው ላይ ያበቃል።

አብሮኝ ያለው ሰው ጡረታ የወጣ ባቡር ነጂ ነው። የመጣሁ ቀን አፍጥጦ አየኝና፣ «አንተ! ካፒቴኑ አይደለህም እንዴ?» አለኝ። አንገቴን ነቀነቅኩ። «በል እስቲ አንዴ ‹በሩን ዝጉ!› በልልኝ፣ እንደዚያ እንደምትለው» አለ። ፈገግ ብዬ ዝም አልኩት። «ኧረ ኮራህብን!» ብሎ ፊቱን አዞረ። መኩራት እንዲህ ቀላል መሆኑን ባውቅ ድሮ እኮራ ነበር።

ለትዕይንቱ አልመጣም። ነገሩን ግን አስቤበታለሁ። ካፒቴኑ ለምን ያለ ቃል አይሄድም? ጓንቱን ወንበሩ ላይ ያስቀምጥ፣ በሩን ይዝጋ፣ ይውጣ። ከኋላው የሚታይ ከሆነ በእኔ ቁመት ያለ ማንም ሰው ሊሠራው ይችላል። አሥራ አራት ዓመት ተናግሯል፤ አሁን ዝም ቢል ማን ይከሰዋል?

እማዬን ሁለት ጉንጯን ሳምልኝ። ስልክ ግን አሁን አልችልም። አልችልም ማለት አልፈልግም ማለት አይደለም። አንተ ቃል መራጭ ነህ፣ ልዩነቱን ላንተ አላስተምርም።

ታናሽህ


ኅዳር 2

ለወንድሜ፣

ቃል መራጭ ብለኸኛል። እንግዲያው ልምረጥልህ፦ ፈሪ።

ሾርባ ብቻ የሚያበላ ሆቴል ገብተህ ከሆነ ሆቴል ቀይር። ከነጂ ጋር እየተጋደምክ ስለ ኩራት የምትጽፍልኝ ከሆነም ወረቀቱን አታባክን። አንድ ጥያቄ ጠየቅኩህ፤ በአምስት ቀልድ ሸፈንከው።

ያለፈውን የሥራ ዘመን አስታውስ። የመስመሮችህን ጫፍ ትውጥ ነበር። በየመሐሉ እንደ አሮጊት ሞቅ ያለ ውኃ ትጠጣ ነበር። አንድን ትዕይንት ሃያ ስድስት ጊዜ ቀርጸናል። ክፍል 309ን እንዳለ አልቀበልም ብዬ ድምፅህን ሁለት ቀን ሙሉ እንደገና ያስቀዳሁህ ለዚህ ነው። ሰዎቹ «ቀይ እስክሪፕቶ» እያሉ እንደሚያሙኝ አውቃለሁ። ይበሉ። ተመልካቹ ስምህን ሳይሆን ሥራውን ነው የሚያምነው፤ ሥራው የሚታመነው ደግሞ ሕግ ስላለው ነው። የ«ማዶ» ሕግጋት ሃምሳ ሁለት ናቸው፣ እኔ ነኝ የጻፍኳቸው፣ አንዱም አልተሻረም። በጠፈር ላይ ፍንዳታ አይሰማም፤ ሕግ 1። ካፒቴኑ እናት የለውም፣ ስለ ልጅነቱም አያወራም፤ ሕግ 17። ያን ጊዜ ሳቅህብኝ። ነገር ግን አሥራ አራት ዓመት ሰው ያመነህ ካሜራ ፊት ስላላላዘንክ ነው።

አሁን ግን ሐሳብህን ተቀብያለሁ። ካፒቴኑ ያለ ቃል ይሄዳል። ክፍል 313 ላይ መርከቧ ትመታለች፣ እሱ በማምለጫዋ ታንኳ ገብቶ አርባ ሰው ጥሎ ይሸሻል። ከኋላ ነው የሚታየው። ከአናጺዎቹ አንዱ በቁመትህ ልክ ነው። እንዳልከው ቃል አላስፈለገውም። በሚቀጥለው ሐሙስ ይተላለፋል።

እማዬ ካንተ ጋር ምን ተነጋግራችሁ ነው? «አስቀይሜው ነው፣ አውቃለሁ» ትላለች። በምን እንደሆነ አትነግረኝም። ጠዋት ጠዋት ስልኩን በልብስ ጫፍ ትወለውላለች፤ አቧራ ሆኖበት የማይጮህ ይመስል።

ታላቅ ወንድምህ


ኅዳር 16

ለወንድም ጋሼ፣

ለጤናህ እንደምን ነህ? እኔ ደህና ነኝ።

ክፍል 313ን አየሁት። አዳራሽ ውስጥ ሃያ የምንሆን ሰዎች ነበርን፣ ሁላችንም በሌሊት ልብስ። ካፒቴኑ ታንኳዋ ውስጥ ገብቶ በሩን ሲዘጋ አንድ ሰው «አይ!» አለ። ቴሌቪዥኑ ሲጠፋ ሰው ሁሉ በአጠገቤ አለፈ፤ ማንም አላየኝም። ማለቴ፣ ሁሉም እያዩ አላዩኝም። ነጂው አልጋው ላይ ተቀምጦ ጠበቀኝ። «አርባ ሰው!» አለኝ። «እኔ ሠላሳ አንድ ዓመት ነድቼ አንድ ሰው ጣቢያ ላይ ጥዬ አላውቅም። አርባ ሰው!» ልመልስለት አልቻልኩም። በማግስቱ ሾርባዬን የምታመጣው ልጅ እንኳ ሳህኑን ጠረጴዛው ላይ ወርወር አድርጋው ሄደች።

በጥሩ ሁኔታ ተጽፏል። አንድ ስሕተት ግን አለው፤ ስሕተት ስለማትወድ ልንገርህ። አናጺው በሩን የዘጋው በቀኝ እጁ ነው። ካፒቴኑ ግራኝ ነው፣ እኔ ግራኝ ስለሆንኩ። ክፍል 8 ላይ አንተው ራስህ ሕግ አድርገኸዋል።

እማዬ አላስቀየመችኝም። መጨረሻ ጊዜ ቤት የመጣሁ ዕለት «ድምፅህን ምን ነካው? እንደ ዛገ በር ትንቋቋለህ» አለችኝ። ሳቅኩ፣ ሳል ያዘኝ፣ ቶሎ ወጣሁ። በዚያ ነው የተቀየምኩ የመሰላት። ምስኪን። ከሁላችሁም ቀድማ የሰማችው እሷ ናት።

ከዚህ በላይ በእኔ እጅ አልጽፈውም። የድምፅ ክፍሉን ሰው፣ «ጆሮ» የምንለውን ጠይቀው። እንዲነግርህ ፈቅጄለታለሁ።

ታናሽህ


ኅዳር 22

ወንድሜ፣

ለጤናህ እንደምን ነህ?

ይህን መስመር ስድስት ጊዜ ጽፌ ስድስቴ ቀደድኩት። አሁንም ቢሆን ትክክለኛ ቦታው ላይ አይደለም። ቦታው ጥቅምት 9 ነበር።

ደብዳቤህን ይዤ ወደ ጆሮ ክፍል ገባሁ። «ምን ሆኖ ነው?» አልኩት። ማዳመጫውን ከራሱ ላይ አወረደ። «እስካሁን አልነገረህም?»

«ምኑን?»

«እንግዲህ ተቀመጥ።»

«አልቀመጥም፣ ንገረኝ።»

«ተቀመጥ አልኩህ!» አለኝ። አሥራ አራት ዓመት ሙሉ ቀና ብሎ ያላየኝ ሰው። ተቀመጥኩ።

ክፍል 309ን ስንቀዳ «ይሄ ድካም አይደለም፣ ሐኪም ይይህ» ያለህ እሱ እንደሆነ ነገረኝ። እኔ ከመስታወቱ በዚህ በኩል ቆሜ «ድገም» እል ነበር። የዚያን ሁለት ቀን ቴፕ አውጥቶ አሰማኝ። የአንተን አላሰማኝም፤ የእኔን ነው። «ድገም» ያልኩትን ቆጥሮታል። ሃምሳ አራት።

ጥቅምት 12 ቀን ጉሮሮህን ከፍተው ማንቁርትህን አወጡት። ከዚያ ስትነቃ የጠበቀህ ጥቅምት 9 የጻፍኩት ደብዳቤ ነው። ሾርባውን፣ ነጂውን፣ ተጋድመህ መጻፍህን ሁሉ ነግረኸኝ ነበር። ደብዳቤህን አሁን መልሼ ሳነብ እያንዳንዱ መስመር ይጮኻል። በሰው ጽሑፍ ላይ አንዲት ነጥብ አታልፈኝም ብዬ የኖርኩ ሰው፣ የወንድሜን ደብዳቤ ማንበብ አልቻልኩም።

ለምን አልነገርከኝም?

ካፒቴኑን አስተካክለዋለሁ። ክፍል 316 ላይ መሸሹ ዘዴ እንደነበረ አድርጌ መልሼ እጽፈዋለሁ፤ በር ላይ ያለው ጥበቃ እንኳ ሰላምታ ነሥቶኛል።

የማላውቀው እማዬን ምን እንደማደርጋት ነው። ሐኪሟ ልቧ ደክሟል፣ ድንጋጤ አይሆናትም ብሏል። ስልኩን ከጠረጴዛው ላይ አንስታ ጭኗ ላይ አድርጋ ትውላለች። ልጄ «አያቴ፣ ይከብድሻል» ስትላት «ዝም በይ፣ ሲጮህ እንዳይዘገይብኝ ነው» ትላታለች። ምን ልበላት?

ወንድምህ


ኅዳር 30

ለወንድም ጋሼ፣

እኔ ደህና ነኝ። ከእንግዲህ «ደህና ነኝ» ስል ምን ማለቴ እንደሆነ ታውቃለህ፣ ስለዚህ ውሸት አይደለም።

ለምን አልነገርከኝም ላልከው፦ ብነግርህ ትጽፈው ነበር። አዝነህ፣ አልቅሰህ፣ ከዚያ ጠረጴዛህ ላይ ተቀምጠህ ትጽፈው ነበር። ክፍል 313 ላይ የካፒቴኑ ጉሮሮ ይቆረጥ ነበር፣ ደግሞም አንዲት ስሕተት አይኖረውም ነበር። በየሐሙሱ በሕዝብ ፊት ከመታረድ ፈሪ ተብዬ መሸሽ መረጥኩ።

«ድገም» ያልከኝን ተወው። ሐኪሙ ነገሩ ሁለት ዓመት የቆየ ነው ይላል። አንተ አላመጣህብኝም። አላየኸውም፣ ያ ብቻ ነው።

ለእማዬ አሁን እንዳትነግራት። ልቧ እስኪጠና ይቆይ። እስከዚያው ግን አንድ ነገር አድርግልኝ። አሥራ አራት ዓመት በአፌ ቃል ስታስገባ ኖረሃል፤ አንድ ጊዜ ደግሞ አስገባልኝ። ጆሮ ዘንድ የሦስት መቶ አሥራ ሁለት ክፍል ድምፄ አለ። ከዚያ ላይ ቆርጣችሁ ቀጥሉና በስልክ አሰሟት። ብዙ አልፈልግም፦

«እማዬ፣ እኔ ነኝ። ደህና ነኝ። አልተቀየምኩሽም።»

ይኸው ነው። ከአሥራ አንዱ መስመርህ በጣም ያንሳል።

ታናሽህ


ታኅሣሥ 9

ወንድሜ፣

ለጤናህ እንደምን ነህ? እማዬ እንዳለች ናት።

ስድስት ቀን ከጆሮ ጋር ቴፕ ስናዳምጥ ቆየን። የሆነውን አንድም ሳላስቀር ልንገርህ።

«እኔ ነኝ» ብዙ አለ። ካፒቴኑ በር ሲያንኳኳ ኖሯል። ከክፍል 77 የወሰድነው ጥሩ ነው፣ ሞቅ ያለ ነው።

«ደህና ነኝ» አራት ጊዜ ብቻ ብለሃል፤ አራቱንም ቆስለህ ስትዋሽ ነው። ከአራቱ ሕመሙ ያነሰበትን መረጥን።

«አልተቀየምኩሽም» የለም። ካፒቴኑ ይቅርታ ጠይቆም አድርጎም አያውቅም፤ ያም የእኔ ሕግ ነው። በእሱ ፋንታ «ምንም አይደለም» አገኘን፣ ክፍል 140፣ ክንድህ ከተቃጠለ በኋላ።

«እማዬ» የለም።

ሦስት መቶ አሥራ ሁለት ክፍል፣ አሥራ አራት ዓመት፣ አንድ ጊዜ እንኳ የለም። ለጠላት ጮኸሃል፣ ለሞተር ጸልየሃል፣ ለማይሰማ ኮከብ ሳይቀር ንግግር አድርገሃል፤ ሁሉንም የጻፍኩልህ እኔ ነኝ። ሕግ 17።

ጆሮ በአምስተኛው ቀን አንድ ነገር ትዝ አለው። በአምስተኛው ዓመት የመርከቧ በር እግርህ ላይ ወድቆ «ኧረ እማዬ ድረሽልኝ!» ብለህ ጮኸህ ሰው ሁሉ መሬት ላይ እየተንከባለለ ሳቀ። ታስታውሳለህ? እኔ አልሳቅኩም። ለማይረባ ቅጂ ቦታ የለንም፣ ይጥፋ ብዬ ነበር። ጆሮ የማጥፊያ መዝገቡን አውጥቶ ጣቱን በፊርማዬ ላይ አሳረፈ።

ስለዚህ ቆራርጠን ሠራነው። «እማ» የሚለውን ችሎት ከቆምክበት ክፍል፣ «እማኝ አልፈልግም» ካልከው ላይ ወሰድን። «ዬ» የሚለውን ሞተሩ የጠፋ ጊዜ «አዬ!» ብለህ ከተነፈስክበት። ሁለቱ የአንድ ቀን ድምፅ አይደሉም፤ በመካከላቸው ስድስት ዓመት አለ። ጆሮ ደጋግሞ አለሳለሰው። አሁን ሲሰማ ደረጃ እየወጣ የሚጣራ ሰው ይመስላል።

እሑድ ስድስት ሰዓት ላይ እንደውልላታለን። ልጄ ቀፎውን ትሰጣታለች።

ወንድምህ


ታኅሣሥ 13

ወንድሜ፣

ለጤናህ እንደምን ነህ? ያልከኝን አድርጌ ነበር። ያልከኝን ደግሞ አፍርሻለሁ። ይቅር በለኝ፤ የሆነው እንዲህ ነው።

ስልኩ ሁለቴ እንኳ ሳይጮህ አነሳችው። እኔ ጆሮ ክፍል ሆኜ በሌላው ማዳመጫ እሰማለሁ።

«ሃሎ?»

ጆሮ ቴፑን ለቀቀው። «እማዬ።»

«ማን ልበል?»

«እኔ ነኝ።»

«እኔ ማን?»

«ደህና ነኝ።»

«የት ሆነህ ነው?»

«ምንም አይደለም።»

ቴፑ እዚያ ላይ አለቀ። ባዶውን ሲዞር ይሰማል። ጆሮ ሊዘጋው እጁን ሲዘረጋ ያዝኩት፣ መናገር ጀምራ ነበርና።

«ጌታዬ፣ አወቅኩዎት» አለች። «ካፒቴኑ ነዎት። አሥራ አራት ዓመት በየሐሙሱ ቤቴ ሲገቡ ክፉ አልሰማሁብዎትም። ሰዎቹን ጥሎ ሸሸ ሲሉም አላመንኩም። ግን እርስዎ እናት የለዎትም፤ እማዬ ማለት አያውቁበትም። ልጄ አጠገብዎ ካለ ያገናኙኝ። ከሌለም ይንገሩኝ፤ አልሞትም።»

መልስ እየጠበቀች ቀፎውን ይዛ ቆየች። እኔ ማዳመጫውን ወርውሬ ሮጬ ቤት ሄድኩ፣ በዚህ ዕድሜዬ። ስደርስ አሁንም ቀፎው በጆሮዋ ነው። ጉልበቷ ሥር ተቀምጬ ሁሉንም ነገርኳት፤ ጥቅምት 9ን፣ ሃምሳ አራቱን፣ መዝገቡን።

አልጮኸችም። «የቱ ጋ ነው የቆረጡት?» አለችኝ። የራሷን አንገት በጣቷ እየዳሰሰች «እዚህ? ወይስ ዝቅ ብሎ?» እጇን ይዤ ቦታውን አሳየኋት። ጣቷን እዚያው ላይ አድርጋ ብዙ ቆየች። «እኔ ደግሞ እንደ ዛገ በር አልኩት» አለች። ከዚያ፦

«ትንፋሹስ አለ?»

«አለ፣ እማዬ።»

«ታዲያ ትንፋሹን ይደውልልኝ። ሕፃን ሆኖ ትክትክ ይዞት ሁለት ወር ያደርኩት ትንፋሹን እያዳመጥኩ ነው። ከመቶ ሰው መካከል አውቀዋለሁ። ያንን አሮጌ የቴፕ ሣጥንህን ግን ሁለተኛ አታምጣብኝ።»

ልትደውልላት ትችላለህ?

ወንድምህ


ታኅሣሥ 20

ለወንድም ጋሼ፣

እደውላለሁ። እሑድ ስድስት ሰዓት፣ ከሾርባው በፊት።

አስቀድመህ ንገራት፦ ትንፋሼ ከአፍና ከአፍንጫዬ አይወጣም። አንገቴ ላይ ባለው ቀዳዳ ነው የሚወጣው፣ ሲወጣም ያፏጫል፣ ጎማ እንደሚተነፍስ። ቀፎውን አንገቴ ላይ ማስደገፍ አለብኝ። ነጂው ሊይዝልኝ ቃል ገብቷል። ታርቀናል። ታሪኩን በወረቀት ጽፌ ሰጠሁት፣ ሁለት ጊዜ አነበበና «እሺ፣ አርባ ሰው ጥለህ ሸሸህ» አለኝ፤ «እናትህን እንኳ አትሽሻት።»

ካፒቴኑን አታስተካክለው። ዘዴ ነበር አትበል። የሸሸ ሰው ሸሽቷል፣ ይሽሽ። አስተካክል ካልኩህ የእጁን ብቻ ነው።

ሐኪሙ ሌላ ፎቶ እናንሳ ብሏል፣ ደረቴን። ይህን ለእማዬ እንዳትነግራት። በዚህ እንኳ ስማኝ።

ታናሽህ


የካቲት 15

ወንድሜ፣

ለሦስቱ ደብዳቤዎቼ መልስ አልመጣልኝም፤ ፖስታ ቤቱ ነው ብዬ ራሴን አሳምኛለሁ።

ወሬው ይኸው። ጣቢያው «ማዶ»ን ዘግቷል። አዲሷ አዛዥ ጥፋት የለባትም፤ ሰው ያንተን ድምፅ ለምዶ ነው፣ እማዬም ሳትቀር «ልጅቷ ደህና ናት፣ ግን መርከቧ ባዶ ቤት ሆናለች» ትል ነበር። ትናንት የእንጨትና የቆርቆሮ መርከቧን አፈረሱት። እግርህ ላይ የወደቀው በር ግቢ ውስጥ ግንብ ላይ ተደግፎ ቆሟል፣ ዝናብ ይመታዋል። ጆሮ ቴፖቹን አንድ በአንድ ቤቱ ወስዷል። ማንም ፊርማ አልጠየቀውም።

አምስት እሑድ ደወልክ። በመጀመሪያው ቀን እማዬ ቀፎውን ጆሮዋ ላይ ጫን አደረገችው። ከዚያ «እሱ ነው» አለችኝ። ማረጋገጫ አላስፈለጋትም፤ እኔ ነኝ ማረጋገጫ የምፈልገው። በየእሑዱ ስለ ጉልበቷ፣ ስለ ጎረቤቷ፣ ስለ ልጄ ሥራ መያዝ ስትነግርህ፣ አንተ ስታፏጭላት፣ ቆም ብላ ሰምታ «አይ፣ እንደሱ እንኳ አይደለም» እያለች ትመልስልህ ነበር። ምን እንዳልካት አላውቅም። ጠይቄአት «አንተ ምን አገባህ?» አለችኝ። በአምስተኛው እሑድ ቀፎውን ስታስቀምጥ «ዛሬ አጠረ» አለች። የደረትህን ነገር አልነገርኳትም። በዚህ ሰምቼሃለሁ።

ባለፉት ሁለት እሑዶች ስልኩ አልጮኸም።

ሰኞ ወደ ሆስፒታሉ ደወልኩ። አንዲት ሴት አነሳች። ስምህን ስጠራ «ምኑ ነዎት?» አለችኝ። «ወንድሙ ነኝ» አልኳት። «እባክዎ ትንሽ ይጠብቁ» አለች፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። ጠበቅኩ። ኮሪደሩ ይሰማኛል፣ ሳህን ይንኳኳል፣ አንድ ሰው ያስላል። ከዚያ የእግር ኮቴ ወደ ስልኩ ሲቀርብ ሰማሁና ዘጋሁት። እንደገና አልደወልኩም። ኅዳር 2 ቀን የመረጥኩልህ ቃል የማን እንደነበረ አሁን አውቄዋለሁ።

ዛሬ እሑድ ነው። ስድስት ሰዓት ሲሆን እማዬ ሳይጮህ ቀፎውን አነሳችው። ይህን የምጽፍልህ ከአጠገቧ ተቀምጬ ነው። ስለ አዲሱ መጋረጃ እየነገረችህ ነው። በመካከሉ ቆም ትላለች፣ ታዳምጣለች። ልናገር ስል እጇን አንስታ «ዝም በል፣ እየሰማኝ ነው» ትለኛለች።

ዝም ብያለሁ።

ባቡሩ ማክሰኞ ጠዋት ነው፣ ትኬት ይዣለሁ። ደብዳቤው ከእኔ ቀድሞ እንዲደርስ ዛሬውኑ አስገባዋለሁ። መልስ ለመጻፍ እጅህ ከደከመ ነጂው ይጻፍልህ። ብዙ አልፈልግም፤ ከመጀመሪያው መስመር አትለፍ። እኔ ዘልዬው የነበረውን።

ለጤናህ እንደምን ነህ?